የሟችም የገዳይም ልጆች

ባል ሚስቱን ገደለ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ የሚቆጥረው ሁለት ሰው ነው፤ አንዷ መቃብር ወረደች፣ አንዱ ወኅኒ ወረደ ይባላል። ለሟች ይለቀሳል፤ ገዳይ ይረገማል፤ ከዚያም ነገሩ እንደ ተዘጋ ይታሰባል። ዳሩ ግን በዚያች ሌሊት ከዚያ ቤት የወጡ ሌሎች ሰዎች አሉ። በጎረቤት ነጠላ ተጠቅልለው፣ እግራቸው ባዶ እንደ ሆነ ወደ አያታቸው ወይም ወደ አክስታቸው ቤት የተወሰዱት ልጆች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው የእነርሱን ነገር፣ ይልቁንም በሯን ከፍታ የተቀበለቻቸውን ዘመድ ነገር ነው። ልጆቹን ማሳደግ የማን ዕዳ ነው? የዘመድ ብቻ ነውን? እኛ ጎረቤቶች፣ ዕድርተኞችና የአንድ አጥቢያ ልጆች ሣልስት ከወጣ በኋላ የሚቀርብን ነገር አለን?

ጥያቄውን በሰንበት ትምህርት ቤታችን የውይይት ሰዓት ባነሣነው ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶች «ዘመድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» አሉ። እንዲያውም አንድ ወንድማችን፣ መርዶክዮስ ወላጆችዋ የሞቱባትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን ብቻውን አሳድጎ ለንግሥትነት አድርሷል፤ የትኛው ዕድር አገዘው? ብሎ አሳቀን። መልካም ነው። መርዶክዮስ ግን የገዛ ልጁን ሬሳ አስነሥቶ ሲመለስ በሩ ላይ የገዳይዋን ልጆች አላገኘም፤ ለገዳዩም ስንቅ እንዲያቀብል የለመነው ሽማግሌ አልነበረም። የእኛ አያቶች ግን ይህ ሁሉ ይደርስባቸዋል።

ነገሩ የጥቂት እብዶች ሥራ ነው ለሚሉ አንባቢያን ጥቂት ቁጥር እናስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ከአገራችን የቡታጅራ አካባቢ ተካቶ ነበር። በዚያ ከተጠየቁት፣ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በዕድሜያቸው ከዚሁ ሰው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው በባላቸው እጅ የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ባል ሚስቱን የሚመታበት ቢያንስ አንድ ተገቢ ምክንያት አለ ብለዋል፤ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባል፣ በፍቅር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ እንደ ተገደሉ ገምቷል። ቁጥሩ የሟቾች ነው፤ ልጆቻቸው በውስጡ የሉም።

የጢስ ዓባይ ጢስ ከሩቅ ይታያል፤ ለዚያውም በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃውን መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ጢሱ ራሱ ሳስቷል። የጎጆ ጢስ ግን ለጎረቤት ብቻ ነው የሚታየው። ጎረቤትም አይቶ «በባልና በሚስት መካከል አይገባም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጩኸቱን ሰምተን በራችንን የዘጋን እኛው ነን። ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ የሚለው ተረት በጠላ ቤት ሲነገር የሚስቀው ሰው ብዙ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙውን ጊዜ ሟቿ ከመሞትዋ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ልጅዋን አዝላ ወደ እናትዋ ቤት ሸሽታ ነበር። ማን መለሳት? ሽማግሌ መለሳት። ሽማግሌውን ማን ላከው? ሰፈሩ ላከው፤ ትዳር እንዳይፈርስ በማሰብ ነው። እንግዲህ ቤቱ በደም ሲፈርስ ያ ሰፈር «የዘመድ ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይገባውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለአሳዳጊዋ የምናደርገው እርዳታ ምጽዋት ተብሎ ሊጠራ አይችልም። የቆየ ዕዳ ነው፤ ያውም ከፍለን የማንጨርሰው።

እናትየዋም ራስዋ በዚህ ነገር ውስጥ አለችበት። ልጅዋ እያለቀሰች በመጣች ጊዜ «ቻይው ልጄ፣ እኔስ ስንቱን ችዬ ነው» ብላ ነበር። ይህን ቃል ማንም ክፋት አይለውም፤ በእርስዋ ዘመን ለልጅ የሚሰጥ ምክር ይህ ነበርና። አሁን ግን ሌሊት ሌሊት ይህ ቃል ተመልሶ ይመጣባታል። ጠዋት ተነሥታ ለልጆቹ ቁርስ ታቀርባለች። ልብ በሉ፤ ሌላው የሙት ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚያጽናናው የሌላውን ሐዘን ነው። ይህች ሴት ግን የምታጽናናውም የምትጽናናውም እርስዋው ናት። ልጆቹ እናት አጥተዋል፤ እርስዋ ልጅ አጥታለች። በአንድ ጎጆ ሁለት ዓይነት ሐዘን ይኖራል፤ አንዱ ለሌላው ሲል ድምፁን ይደብቃል።

በእኛ አገር የአያት ልጅ ማለት ቅምጥል፣ ያሻውን የሚያደርግ፣ ያልተቆነጠጠ ልጅ ማለት ነው። ይህ አባባል አያት በፍላጎትዋ የልጅ ልጅዋን ለወግ ወስዳ ስታሳድግ የተነገረ መሆን አለበት። በእንዲህ ያለው ቤት ግን ቅምጥልነት የት አለ? በጎጃም ምድር ልጆቻቸውን ድረው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ቆብ ጭነው እማሆይ የተባሉ ስንት ሴቶች አሉ። ቀሪ ዘመናቸውን በደጀ ሰላም፣ በጸሎትና በጾም ሊጨርሱ ያሰቡ ናቸው። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሦስት ልጆች ይመጡባቸዋል፤ ታናሹ ገና ጡት አልጣለም። የሌሊቱ ሰዓታት ሲደወል እርሳቸው ሕፃኑን እሹሩሩ ይላሉ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያሉትን እናት «ቆብ ጭነው ወደ ዓለም ተመለሱ» ሲል ሰምተናል። እንዲህ የሚለው ሰው አንድ ሌሊት ሕፃኑን ይዞ ቢያድር መልካም ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው የማይናገረው ነገር ነው። ትልቁ ልጅ ሲያድግ አባቱን ይመስላል። አካሄዱ፣ ሳቁ፣ ሲናደድ ግንባሩን የሚቋጥርበት ሁኔታ ሁሉ የአባቱ ነው። አያቲቱ ልጁን ትወደዋለች፤ የልጅዋ ልጅ ነው። በተመለከተችው ቁጥርም ትደነግጣለች። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ የሰው ልጅ ዓይን የሚያደርገው ነገር ነው። እርስዋ ግን ኃጢአት ይመስላትና ለማንም አትነግርም። የምትነግረው ሰው ብታገኝ ግማሽ እርዳታ ያ በሆነ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለንስሐ አባት እንኳ ለመናገር ያሳፍራል።

በአባት ወገን ያሉ አክስቶችም ልጆቹን የሚያሳድጉበት ጊዜ አለ። ስለ እነርሱ ደግ ቃል የሚናገር ስላጣን ጥቂት እንናገርላቸው። ወንድማቸው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ስማቸው ጠፍቷል፤ ገበያ ሲወጡ ሰው ይንሾካሾክባቸዋል። የሚያሳድጉትን ልጅ ሰው ሲያይ «ለመሬቱ ነው የወሰዱት» ይላል። አንዳንዴም እውነት ነው፤ ለመሬቱ የሚወስድ አለ። ልጅቱንም ለትምህርት ነው ብሎ ወስዶ እንጀራ ጋጋሪና ውኃ ቀጂ የሚያደርግ አለ። ይሁን እንጂ ከእነዚያ መካከል በቅን ልብ፣ የወንድሟን በደል በጉልበትዋ ልትክስ የተነሣች ሴት ብትኖር ከእናት ወገን ካለችው አያት ያነሰ ድጋፍ ይገባታል ማለት አንችልም። መለኪያው የማን ወገን ናት የሚለው አይደለም፤ ልጁ ይማራል? ይበላል? ስለ እናቱ መናገር ይፈቀድለታል? የሚለው ነው።

ስለ እናት መናገር ስንል አንድ ክፉ ልማድ ትዝ ይለናል። ሕፃኑ «እማዬ የት ሄደች?» ሲል «አረብ አገር ሄዳለች፣ ልብስ ይዛልህ ትመጣለች» ይሉታል። ለማጽናናት ነው። ሕፃኑም በአስፋልቱ መንገድ የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ሲጠብቅ ይኖራል፤ እውነቱን የሚነግረው ደግሞ አንድ ቀን በትምህርት ቤት ግቢ ኳስ የቀማው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ አገር ሦስት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞች «አባት እናትን ሲገድል» የሚል መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ልጁ ያየውንና የሚያውቀውን እንዲናገር በጊዜ መርዳት እንደሚገባ በሰፊው ያስረዳል። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። ነገር ግን «እናትህ ሞታለች፤ አባትህ ነው የጎዳት፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለውን ሦስት አጭር ነገር ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አያቲቱ ይህን ስትናገር አጠገብዋ የሚቀመጥ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕርቅ ነገር እንምጣ፤ ክርክሩ የጠነከረው እዚህ ላይ ነበር። በአገራችን ባህል ነፍስ ከጠፋ ሁለቱ ወገኖች ደመኛ ይሆናሉ። የሟች ወንድም ደም ሊመልስ ይነሣል፤ ሽማግሌዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ፣ ጉማ ያስከፍላሉ፣ ያስታርቃሉ። ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ በጣና ዙሪያ ስንት ቤት በተዘጋ ነበር። በተለይም ልጆቹ የሁለቱም ደም ናቸው። ወንዱን ልጅ አጎቶቹ «የእናትህን ደም መልስ» እያሉ ቢያሳድጉት ሊገድል የሚላከው የገዛ አባቱን ወይም የአባቱን ወንድም ነው። ስለዚህ ደም ማድረቅን ማንም አስተዋይ ሰው አይቃወምም።

የምንቃወመው ሌላ ነው። ገና አርባዋ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ወደ አያቲቱ ደጅ ይመጣሉ፤ «ለልጆቹ ሲሉ ይታረቁ፤ አባታቸው ቶሎ ወጥቶ ያሳድጋቸው» ይሏታል። በሕጋችንም ጥፋተኛው መጸጸቱና የቻለውን ያህል መካሱ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ስለሚችል፣ ዕርቁ ተጽፎ በፍርድ ቤት እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ። ይህች ሴት እምቢ ብትል ጨካኝ ትባላለች፤ እሺ ብትል የልጅዋን ደም የሸጠች ይመስላታል። እኛ እንዲህ እናስባለን፤ ዕርቅና ይቅርታ ሁለት ነገር ናቸው። ዕርቅ በሁለት ወገኖች መካከል እንዳይገዳደሉ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ሽማግሌ ሊለምነው ይገባል። ይቅርታ ግን የተበደለው ሰው በጊዜው፣ ከልቡ፣ ማንም ሳያስገድደው የሚሰጠው ነው፤ ሲዘገይም ጥፋት አይደለም። አንዱን በሌላው ስም መጠየቅ ማታለል ነው። ከመካከላችን አንዲት እኅት ያቀረበችው ጥያቄ ደግሞ ሁላችንንም ዝም አሰኝቶናል፤ ጉማው ሲከፈል ማን ይቀበለዋል? ብዙ ጊዜ የሟች ወንድሞችና አጎቶች ናቸው። ልጆቹን የምታበላው ግን አያቲቱ ናት። ካሳው በልጆቹ ስም ባንክ ይገባል ወይም ላም ሆኖ በአያቲቱ ደጅ ይታሰራል ብሎ የሚፈርድ ሽማግሌ ቢኖር ከዕርቁ ይልቅ ይህ ፍርዱ በተመሰገነ።

ሕጉን በጥቂቱ እንመልከት። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወላጆች ሁለቱም ከሌሉ ለልጁ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እኅት፣ ቀጥሎም አጎትና አክስት ናቸው ይላል፤ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ነገር ግን ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ወላጅ ይቀራል። እንግዲህ በደረቁ ከተነበበ እናቲቱን የገደለው አባት፣ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ፣ በወኅኒ ሆኖም የልጆቹ አሳዳሪ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዳኛው ከዋናው ቅጣት ጋራ የወላጅነት ሥልጣንን ሊሽር እንደሚችል በአንቀጽ 123 ይፈቅዳል፤ ካልታሰበበት ግን ሊታለፍ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሟችን አስቦ የገደለ ሰው ከእርስዋ ሊወርስ እንደማይገባው ይደነግጋል። ጥሩ ሕጎች ናቸው። አያቲቱ ግን አታውቃቸውም፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩም የባልና የሚስት ፎቶ ግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበት በአባትየው ወንድም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ሲታለፍ ኖሯል። በብሪታንያ አንዲት ወጣት እናት እ.ኤ.አ. በ2021 በቀድሞ የትዳር ጓደኛዋ ከተገደለች በኋላ፣ ልጆችዋን የወሰዱት ወላጆችዋ ለትምህርትና ለሕክምና ጉዳይ የገዳዩ አስተያየት ሊጠየቅ እንደሚገባ ተነገራቸው። አቤቱታቸው ተሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ምክር ቤቱ የእንዲህ ያለውን ወላጅ ሥልጣን የሚያግድ ሕግ አወጣ። ኢጣልያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በቤት ውስጥ ወንጀል ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ሕግ አውጥታለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ልጆቹን ተቀብለው ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 300 ዩሮ እንዲከፈል ደንግጋለች። እኛ ዩሮ የለንም። ሆኖም ከዚህ የምንወስደው አለ፤ የአሳዳጊዋ ድካም በሕግ ስም ተሰጥቶታል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ለሙት ልጆች መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የሚጠቅሳቸው ግን ጉዲፈቻንና ተቋማትን ነው። ብዙ የሙት ልጆችን የያዘችው አያት በዚያ አንቀጽ ውስጥ አልተነሣችም።

ወረቀቱም ራሱ መከራ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሞግዚትነት ውሳኔ። ከጢስ ዓባይ እስከ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «ነገ ተመለሺ» በተባለች ቁጥር የመኪና ዋጋ አለ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ የቀን ሥራም ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበትና መሥሪያ ቤት ያልተከፈተበት ቀን ብዙ ነበር። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባን ወጣቶች ምን እንሠራለን ብለን መጠየቅ አያስፈልገንም። ማመልከቻ መጻፍ እንችላለን። ቀጠሮ ልንይዝ፣ አብረን ልንቆም፣ «ይህ ሰነድ ምን ይላል?» ስትለን አንብበን ልናስረዳት እንችላለን። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡትን፣ የሕግ ተማሪዎችንም ሆነ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ደጃቸውን ልናሳያት እንችላለን።

ስለ ገንዘብ ስንናገር ተዝካርን ሳናነሣ አናልፍም። ዕድር ለቀብር ይከፍላል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ በሰባተኛው ቀን ሥራው አለቀ። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በአርባው በሬ ይጣላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ለአንድ ቀን ግብር ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ አያቲቱም ለዚሁ ትበደራለች። ጸሎቱ ይቅር አላልንም፤ ለድሆች የሚሰጠውም አይቀርም። ነገር ግን የሟች ልጆች ራሳቸው ድሆች ሆነው ደጅ ላይ ተቀምጠው ሳለ በሬው ለጠገበ ጎረቤት ለምን ይታረዳል? አንድ ዕድር ከቀብር ማግሥት ጀምሮ ለሁለት ዓመት ለእንዲህ ያለው ቤት በየወሩ አንድ ቁና ጤፍና የደብተር መግዣ ቢወስን ከድንኳኑ የበለጠ ወጪ አያወጣም። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ደግሞ አሉ፤ ልጁን በአርባና በሰማንያ ቀኑ ከጥምቀት ሲቀበሉ ስለ እርሱ ቃል የገቡ ሰዎች ናቸው። ከክርስትናው ድግስ በኋላ ብዙዎቻቸው አይታዩም። ሄዶ በስማቸው መጥራትና ማስታወስ ነውር አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እርዳታ ይዘን በሰልፍ፣ ፎቶ ግራፍ እያነሣን መሄድ የለብንም። ልጁን «ምን አየህ? እንዴት ነበር?» ብለን መጠየቅም የለብንም፤ ለወሬያችን ማጣፈጫ አይደለም። የሰጠነው አንድ ኩንታል እህል ቤትዋን እንደ ተቆጣጣሪ ለመግባት ፈቃድ አይሆነንም። ይህ ግን ከባድ ነው፤ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ ውኃ ስትቀዳ ብናይ ዝም እንላለን ወይ? አንልም። ግን ከመናገራችን በፊት ውኃውን ማን እንዲቀዳ እንደምንፈልግ ማሰብ አለብን፤ አያቲቱ በጉልበትዋ ሕመም እንስራ መሸከም ካልቻለች፣ ቅዳሜና እሑድ ጀሪካን ይዘን ወንዝ የምንወርደው እኛ ነን። በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ይዘን ስንውል እርስዋ ተኝታ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስማ ብትውል፣ ምንም ብር ሳይወጣ ትልቅ ነገር ተደረገ ማለት ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ልጁ አባቱን በወኅኒ ቤት ሊጠይቅ ይሂድ ወይስ አይሂድ? ከመካከላችን ግማሾቹ አባት አባት ነው፣ ልጁ ካላየው በሕልሙ ጭራቅ ያደርገዋል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ገዳዩ ልጁን መሣሪያ አድርጎ አያቲቱን ማስለቀሱን ይቀጥላል አሉ። ልጁ ራሱ ሳይጠይቅ ማንም እንዳይወስደው፣ ከጠየቀም በኋላ እንዳይከለከል የሚል አሳብ ቀርቦ ለጊዜው በዚያ ላይ ቆመናል። የሚሄድበት ቀን ቢመጣ ግን አያቲቱ ይዛው እንዳትሄድ፣ በዚያ በር ላይ ስንቅ ይዛ እንዳትሰለፍ፣ ከእኛ መካከል ሁለት ሰው እንዲወስደው ተስማምተናል።